የተደገፍነው ነገር፦ የክብ እንጨት መከታ በሰገነት ላይ፣ መሣሪያው፣ መጋጠሚያውና ጊዜው

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲመለስ የተናጋሪው አቀራረብ በአብዛኛው እንዳለ ተጠብቋል።)



የዛሬው ርእስ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ «አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ አጠና ልታወራ ነው?» ብሎ ቀልዶብኛል። አልተቀየምኩም። እኔም በወጣትነቴ ስለ ትልልቅ ድልድዮች እንጂ ስለ በረንዳ መከታ የማስተምር አይመስለኝም ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁና ወደ ትምህርቱ እንግባ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ይዤ ለመስክ ጉብኝት ወጥቼ ነበር። ያረፍንበት ቦታ በገደል አፋፍ ላይ የተሠራ፣ ሰፊ የእንጨት ሰገነት ያለው ማረፊያ ነው። ሰገነቱን ዙሪያውን የከበበው መከታ ከተላጠ ባሕር ዛፍ የተሠራ ሲሆን፣ እንጨቱ ያብረቀርቃል፤ ለዓይን ያምራል። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ተደግፌበት ቆላውን ሳይ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ተማሪ በዚያው ቦታ ተደገፈ፤ የላይኛው አግዳሚ ከቋሚው ተነቅሎ ወደ ውጭ ሄደ። ልጁን ከጎኑ የቆመ ጓደኛው በጃኬቱ ያዘው። ክንዱ ተጫረ እንጂ ሌላ አደጋ አልደረሰበትም። እንጨቱ ግን ከታች ከድንጋይ ጋር ሲላተም የሰጠውን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ከደነገጥን በኋላ ሄጄ ስብራቱን መረመርኩ። የሚገርመው ስብራት አልነበረም። እንጨቱ ሙሉ ነው፤ አልበሰበሰም፣ ምስጥም አልነካውም። ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ሁለት የዛጉ ምስማሮች ጥርስ መስለው ወጥተዋል። አግዳሚው ከቋሚው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጣት በሚያስገባ ክፍተት ተላቅቋል። ያ ክፍተት ጠዋትም ነበረ። ስለ እንጨት የማስተምር ሰው በላዩ ተደግፌ ቡና ጠጥቻለሁ፤ አላየሁትም።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ በክብ እንጨት መከታ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚከዳው እንጨቱ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው፤ መጋጠሚያው የሚከዳውም በውሃ ምክንያት ነው፤ ውሃውን የሚያስወጣው ደግሞ ጊዜ ነው። መሣሪያውም ሆነ ጥበቡ ሁሉ በዚህ ሰንሰለት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ስለ ምን እየተናገርን ነው?

በመጀመሪያ በስያሜዎች እንስማማ። ‹ክብ እንጨት› ስል በመጋዝ ያልተሰነጠቀ፣ ቅርፊቱ ተልጦ የተፈጥሮ ቅርጹን እንደያዘ የሚሠራበትን ግንድ ወይም አጠና ማለቴ ነው። ‹መከታ› የምለው በተለምዶ ‹ሬሊንግ› የሚባለውን፣ ከፍ ካለ ወለል ሰው እንዳይወድቅ የሚከላከለውን ክፍል ነው። መከታው አራት አካላት አሉት፦ ከወለሉ ጋር የሚታሰረው ቋሚ፣ እጅ የሚያርፍበት የላይ አግዳሚ፣ የታች አግዳሚ፣ በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል የሚሰካኩት ዘንጎች።

በዚህ መልክ የሚሠራው መከታ ስሙ የገነነው በሰሜን አሜሪካ ተራራማ አካባቢዎች ነው። ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተከፈተው ኦልድ ፌይዝፉል ኢን የተባለው ሆቴል ነው። አርክቴክቱ ሮበርት ሪመር የአዳራሹን ፎቆችና መከታዎች ከአካባቢው የጥድ ግንድና ከጠማማ ቅርንጫፎች አሠርቷቸዋል። ተማሪዎች የሆቴሉን ፎቶግራፍ ሲያሳዩኝ «ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። እነዚያ የአዳራሽ መከታዎች ከጣራ በታች ናቸው። ዝናብ አይመታቸውም፤ ፀሐይ አይፈራረቅባቸውም። ያንኑ ቅርጽ ወስደን ክረምት በሚዘንብበት፣ በጋ ደግሞ ፀሐይ በሚያቃጥልበት ክፍት ሰገነት ላይ ስናቆመው ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል።

በአገራችንም ክብ እንጨትን ማጋጠም እንግዳ ጥበብ አይደለም። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ያያችሁ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩትን ‹የዝንጀሮ ራስ› የሚባሉ የእንጨት ጫፎች ታስታውሳላችሁ። የአክሱም ሐውልት ቅርጽ አውጪዎች በድንጋይ ላይ ሳይቀር ቀርጸዋቸዋል። እነዚህ ጫፎች ጌጥ ብቻ አይደሉም። የግድግዳውን ውፍረት አቋርጦ የሚያልፈው እንጨት ጎድጎድ ተደርጎ ተቆርጦ፣ በግድግዳው ርዝመት በተጋደመው እንጨት ላይ ቁጭ ይላል፤ አንዱ ሌላውን ቆልፎ ይይዛል። ያ ባለሙያ ያወቀው ቁም ነገር ዛሬም አልተለወጠም፦ መጋጠሚያ የሚጸናው በምስማር ብዛት ሳይሆን እንጨት በእንጨት ላይ በመቀመጡ ነው።

አንድ ሰው ሲደገፍ ምን ያህል ይከብዳል?

አሁን ወደ ስሌት እንሂድ። በአሜሪካ የግንባታ ደንቦች ውስጥ መከታ በላይኛው ጫፉ በየትኛውም ነጥብ ላይ 200 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 90 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጫና መቋቋም አለበት። ቁመቱም ለመኖሪያ ቤት ቢያንስ 91 ሳንቲ ሜትር፣ ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃ 107 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 90 ኪሎ ብዙ አይመስልም። ይህ ጫና ወደ ቋሚው ሥር ሲደርስ ግን ምን እንደሚሆን እንይ።

ቋሚው ከሰገነቱ የዳር ተሸካሚ ጎን ላይ በሁለት ብሎኖች ታስሯል እንበል። የላይኛው ብሎን ከወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር፣ የታችኛው 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ገብተዋል። ሰው ከወለሉ 1 ሜትር ከፍታ ላይ በ90 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። የታችኛውን ብሎን እንደ መዞሪያ ነጥብ ብንወስድ ክንዱ 115 ሳንቲ ሜትር ነው። 90 በ115 ሲባዛ 10,350 ይመጣል፤ በሁለቱ ብሎኖች መካከል ላለው 10 ሳንቲ ሜትር ሲካፈል የላይኛውን ብሎን የሚጎትተው ኃይል 1,035 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሰው ተደገፈ፤ ብሎኑ ግን ከአንድ ቶን በላይ ተሸከመ።

አሁን የታችኛውን ብሎን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር እናውርደው። ክንዱ 125 ይሆናል፤ 90 በ125 ሲባዛ 11,250 ነው፤ በ20 ሲካፈል 563 ገደማ። ብሎን አልጨመርንም፣ እንጨት አላወፈርንም፤ ቦታ ብቻ በመለወጥ ጫናውን ወደ ግማሽ ልናወርደው ምንም አልቀረንም። ስለዚህ የዳር ተሸካሚው ጥልቅ መሆን አለበት፤ ብሎኑ ደግሞ ከወዲያ ወዲህ አልፎ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ የሚጠብቅ እንጂ ግማሽ መንገድ ገብቶ የሚቆም መሆን የለበትም። የዳር ተሸካሚው ራሱ ወደ ውስጥ ከሚገቡት የወለል ተሸካሚዎች ጋር በሚገባ ካልታሰረም ቋሚው ጸንቶ ተሸካሚው ይገለበጣል።

ሁለተኛው ስሌት የራሱ የክብ እንጨት ነው። የክብ እንጨት መታጠፍን የመቋቋም ዐቅም ከዲያሜትሩ ኩብ ጋር አብሮ ይሄዳል። 12 ሳንቲ ሜትር የነበረውን ወደ 10 ብንቀንሰው ዐቅሙ ወደ 58 በመቶ ይወርዳል። 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አግዳሚ ጫፉ ላይ ወደ 5 ቢቀረጽ በዚያ ቦታ የቀረው ዐቅም አንድ ስምንተኛ ነው። ቋሚውን ከተሸካሚው ጋር ለማስቀመጥ ሲባል በወለሉ ልክ ግማሽ ድረስ መቦርቦር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጫናው ከሁሉ የሚበረታው በዚያው ቦታ ነውና። ጎኑን ለማስተካከል ስስ ገጽ ብቻ መላግ ይበቃል።

ውሃው

የተቆረጠ ዛፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ፦ በሕዋሳቱ ክፍተት ውስጥ ያለውና በሕዋሱ ግድግዳ ውስጥ የተያዘው። የመጀመሪያው ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ እምብዛም አይለወጥም። እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ግን የግድግዳው ውሃ መውጣት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ እንጨቱ ይኮማተራል። መኮማተሩም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በርዝመቱ ከቁጥር አይገባም፤ በዓመታዊ ክበቦቹ አቅጣጫ ግን ከመሐል ወደ ቅርፊት ካለው አቅጣጫ እጥፍ ያህል ነው። ክብ የነበረው ሲደርቅ ሞላላ የሚሆነው፣ ግንድም ከቅርፊቱ ወደ መሐሉ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ወደ መጋጠሚያ እናምጣው። የአንድ እንጨት ጠቅላላ መኮማተር በክበቡ አቅጣጫ 8 በመቶ ነው እንበል። ከእርጥብ 50 ሚሊ ሜትር አድርገን የቀረጽነው ጫፍ እርጥበቱ 12 በመቶ እስኪሆን ሲደርቅ በአንድ ጎኑ 2.4 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው ጎኑ ግማሹን ያህል ይቀንሳል። ሲገባ በመዶሻ የተመታው ጫፍ በዓመቱ በጉድጓዱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ክፍተቱ ዝናብ ይቀበላል፤ ዝናቡ ምስማሩን ያዝጋል፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሲቆይም ፈንገስ መኖሪያ ያገኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፣ ጥፋቱ ድምፅ የለውም።

መፍትሔው የቆዩ የወንበር ሠሪዎች ያውቁታል፦ የሚገባው ደረቅ፣ የሚቀበለው ትንሽ እርጥበት የቀረው ይሁን። ደረቁ ጫፍ ከእንግዲህ አይቀንስም፤ ተቀባዩ ሲደርቅ ጉድጓዱ ይጠባል፤ አንዱ ሌላውን ይጨብጣል። ይህ ግን ቢያንስ ዘንጎቹና የአግዳሚዎቹ ጫፎች አስቀድመው መድረቅ አለባቸው ማለት ነው። መድረቃቸውን ለማወቅ መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ሚዛንና ምድጃ ይበቃል። ትንሽ ናሙና ቁረጡ፣ መዝኑ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም በ103 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ። 250 ግራም የነበረው 200 ግራም ቢሆን፣ የወጣው 50 ግራም ለ200 ሲካፈል እርጥበቱ 25 በመቶ ነበር፤ ለመቅረጽ ገና ነው።

ዛፉና አዘገጃጀቱ

በእጃችን ያለው በዋናነት ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የደጋው ማገዶም ማገርም እሱ ሆኗል። ነጩ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ይኮማተራል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ክሩም ብዙ ጊዜ ጠመዝማዛ ነው። የቀዩ ባሕር ዛፍ መሐለኛ እንጨት የተሻለ መበስበስን ይቋቋማል፤ ውጫዊው ነጭ ክፍል ግን በሁለቱም ደካማ ነው። የፈረንጅ ጥድ ለመላጥና ለመቅረጽ ይመቻል። የሐበሻ ጥድ መሐሉ ለመበስበስም ለምስጥም የማይበገር ግሩም እንጨት ነው፤ ሆኖም የአገር በቀል ዛፎቻችን ሁኔታ ለጌጥ መከታ የሚቆረጡበት አይደለም፤ ከፈረሰ ቤት የተገኘ አሮጌ ጥድ ካለ ግን እንደ ወርቅ ይያዝ።

ባሕር ዛፍ በተቆረጠ ጊዜ ወዲያው ይላጥ፤ ከደረቀ በኋላ ቅርፊቱ ሥጋውን ይዞ ነው የሚነሣው። ለዚህ የሚመቸው መሣሪያ ሁለት እጀታ ያለው መላጫ ቢላ ነው። ግንዱን በሁለት መቆሚያዎች ላይ አስቀምጦ ወደ ራስ እየሳቡ ይልጡታል። ጉጡን እንዳይነቅለው ጉጥ ላይ ሲደርሱ እጅን ማቅለል ያስፈልጋል። ከዚያም የግንዱን ሁለት ጫፎች በሰም ወይም በወፍራም ቀለም መሸፈን ነው፤ ውሃ በጫፍ በኩል ከጎን ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወጣ ጫፉ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። እንጨቱ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመሐሉ ስስ እንጨት እየገባ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይደርደር። ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚያፈጥን ይመስላል፤ የሚያፈጥነው ግን ስንጥቁን ነው።

ወፍራሙ ግንድ መሰንጠቁ አይቀርም፤ እኛ ማድረግ የምንችለው የት እንደሚሰነጠቅ መምረጥ ነው። ለላይ አግዳሚ በሚሆነው ግንድ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እስከ መሐሉ የሚጠጋ አንድ የመጋዝ መስመር ይሰመርበት። ግንዱ ሲደርቅ ያ መስመር ይከፈታል፤ ሌላው ገጽ ይተርፋል። በሚገጠምበት ጊዜ መስመሩ ወደ ታች ይዙር። ወደ ላይ ከዞረ ለክረምቱ ውሃ ገንዳ ሠራንለት ማለት ነው።

መቅረጽና ማጋጠም

የአገራችን አናጺ ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች አብዛኛዎቹ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ፦ መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ ቱምቢ፣ ሲባጎ፣ ትራፓኖ፣ የብርጭቆ ወረቀት። የሚጨመረው ዋና ነገር የጫፍ መቅረጫ ነው። በአሠራሩ ከእርሳስ መቅረጫ አይለይም፤ በትራፓኖ ላይ ይታሰርና የዘንጉን ጫፍ ወደ አንድ ወጥ ዲያሜትር ይቀርጸዋል። ይህ ካልተገኘ የሚፈለገውን ቀዳዳ በደረቅ ጠንካራ ጣውላ ላይ በስቶ እንደ መለኪያ መያዝ፣ ጫፉን በመላጫ ቢላ እየቀረጹ በቀዳዳው መሞከር ይቻላል። ይዘገያል እንጂ ውጤቱ አያንስም። የሚገባውን ጫፍ ‹ምላስ›፣ የሚቀበለውን ‹ጉድጓድ› እያልኩ እቀጥላለሁ።

የክብ እንጨት ፈተና ቀጥ ያለ ጠርዝ አለመኖሩ ነው፤ ሜትር የሚያርፍበት፣ ስኳድራ የሚጠጋበት ገጽ የለውም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መሐለኛ መስመር ይፈጠራል። ግንዱ እንዳይንከባለል ተይዞ፣ በሁለቱም ጫፎች ላይ በውሃ ልክ የቆመና የተጋደመ መስመር ይሰመራል፤ ከዚያ ጠመኔ የተቀባ ሲባጎ ከጫፍ ጫፍ ተወጥሮ ይለቀቃል። የሚቀጥለው ልኬት ሁሉ ከዚህ መስመር ይነሣል እንጂ ከእንጨቱ ገጽ አይነሣም።

ዘንጎቹን ስንደረድር የምናስበው ሕፃናትን ነው። የተጠቀሱት ደንቦች 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው ኳስ በየትኛውም ክፍተት እንዳያልፍ ያዝዛሉ፤ የሕፃን ሰውነት ካለፈ በኋላ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላልና። በሁለት ቋሚዎች መካከል 180 ሳንቲ ሜትር ቢኖረንና ዘንጎቹ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ፣ 11 ዘንግ 12 ክፍተት ይሰጣል፤ እያንዳንዱም 10.4 ይሆናል፤ አይፈቀድም። 12 ዘንግ ብናደርግ 13 ክፍተቶች 9.2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳቸዋል። ሆኖም የእኛ ዘንግ ከብረት አልተሠራም፤ ወደ ላይ ይቀጥናል፣ ይጎብጣል። ስለዚህ ክፍተቱ የሚለካው ከሁሉ በሰፋበት ቦታ ነው፤ የጎበጡት ዘንጎችም ጎን ለጎን ሲቆሙ ጉብጠታቸው አንድ አቅጣጫ ይያዝ፣ ቀጭኑና ወፍራሙ ጫፍም ይፈራረቅ።

ሁለቱ አግዳሚዎች ጎን ለጎን ተጋድመው የጉድጓዶቹ ቦታ በአንድ ጊዜ ምልክት ይደረግበታል፤ ለየብቻ የተለካ መቼም አይገጥምም። ጉድጓዱ ሲበሳ ፑንታው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ አንድ ረዳት በስኳድራ ይመልከት። ጥልቀቱ ከምላሱ ርዝመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይብለጥ፤ ምላሱ መሬቱን ከነካ ትከሻው ሳይቀመጥ ይቀራልና። በታች አግዳሚ ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር እስከ ታች የሚያልፍ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀጭን ቀዳዳ ይበሳ። ለማንም አይታይም፤ ዝናቡ ግን መውጫ ያገኛል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ግራ ያጋባል፤ ቋሚዎቹን መጀመሪያ አቁሞ አግዳሚውን ከመሐላቸው ማስገባት አይቻልም፤ ምላሱ የት ይለፍ? ስለዚህ አንዱ ክፍል በሙሉ መሬት ላይ ይገጣጠማል፦ መጀመሪያ ዘንጎቹ በታች አግዳሚው ላይ፣ ከዚያ የላይ አግዳሚው፣ በመጨረሻ ሁለቱ ቋሚዎች ከግራና ከቀኝ። ገመድ ዙሪያውን አሥሮ በዱላ እየጠመዘዙ መወጠር ትከሻዎቹን እስኪቀመጡ ያቀራርባቸዋል። የአግዳሚው ምላስ በቋሚው ውስጥ ከገባ በኋላ ከጎን ተበስቶ ደረቅ የወይራ ችንካር ይመታበታል። ምስማር በዚህ ቦታ አይታመንም፤ በጫፍ በኩል፣ ከክሩ ጋር ትይዩ ሆኖ የገባ ምስማር ሲጎተት የሚይዘው ኃይል ደካማ ነው። ያ ተማሪ የተደገፈበት መከታ የተያዘው እንዲሁ በገባ ምስማር ነበር።

ክፍሉ ተነሥቶ ከዳር ተሸካሚው ጋር ሲታሰር ቋሚነቱ በቱምቢ ይታይ። የቋሚው አናት ጠፍጣፋ አይሁን፤ ዘመም ተደርጎ ወይም እንደ እንቁላል ተሞልሞሎ ይቆረጥ፤ የግንድ ጫፍ ውሃን እንደ ስፖንጅ ይመጣል። የታች ጫፉም ውሃ በሚተኛበት ቦታ ላይ አይረፍ።

ስለ ቅብ አንድ ቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በየቦታው የተለመደ ነው። ሕፃን እጁን የሚያሳርፍበት፣ ሰው ልብሱን የሚያስደግፍበት ነገር ላይ ግን ይህ አይገባም። በአርሴኒክ፣ በክሮምና በመዳብ ውሕድ የታከመ እንጨትም በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት አገልግሎት መሸጡ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተቋርጧል፤ እንዲህ ያለ ቁራጭ ተገኝቶ ቢሆን አይቃጠል፣ ለእጅ መደገፊያም አይዋል። የተልባ ዘይት ወይም ለውጭ አገልግሎት የተዘጋጀ ቅብ፣ በየጊዜው እየታደሰ፣ ይበቃል። ቅብ ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው፤ የመጀመሪያው ውሃ የማያቁር ቅርጽ ነው።

ጊዜው

ወደ ማረፊያው ልመልሳችሁ። በማግስቱ መከታውን የሠሩትን አናጺ አገኘኋቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። «ጋሼ፣ ይህን በምስማር ብቻ እንዴት ያዙት?» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና፣ «ዶክተር፣ እንጨቱ ሲመጣ ውሃው ገና አልወጣለትም ነበር። ተናግሬያለሁ። ለበዓሉ ይድረስ ተባልኩ፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ጨርስ ተባልኩ። በዐሥር ቀን ምስማር እንጂ ሌላ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

እኔ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ የምጽፈውን እሳቸው በእጃቸው ያውቁት ነበር። የጎደላቸው ጊዜ እንጂ ዕውቀት አይደለም። ጊዜውን የነፈጋቸው ደግሞ ምናልባት እንደ እናንተ ያለ፣ እንደ እኔ ያለ፣ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነው። በሠንጠረዦቻችን ላይ የእንጨቱ ርዝመት አለ፣ የብሎኑ ብዛት አለ፣ የቅቡ ሊትር አለ። «ማድረቅ» የሚል ረድፍ ግን አይቼ አላውቅም። ዘንግ የሚሆነው ቀጭን አጠና እንኳ በጥላ ለመድረቅ ወራት ይፈልጋል፤ ወፍራሙ ከዚያም በላይ። ሰገነቱ መሠረቱ ሲጣል እንጨቱ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ ተደርድሮ ከሆነ ግን መድረቁ ማንንም አያዘገይም። ይህን የሚያቅድ አናጺው አይደለም፤ እኛ ነን።

ለተማሪዎቼ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ የክብ እንጨት ሥራ ስትነድፉ የእርጥበት መጠንና የማድረቂያ ጊዜ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ አናጺው «እርጥብ ነው» ሲላችሁ እንደ ሰበብ አትቁጠሩት፤ እንደ ምርመራ ውጤት መዝግቡት። ሦስተኛ፣ ተሠርቶ ያለቀውን በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ፈትሹ። ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ቋሚውን ገፋ አድርጉት፤ መጋጠሚያውን በወስፌ ውጉት፣ ያለ ድካም ከሰመጠ በስብሷል፤ አግዳሚውን በመዶሻ ነካ ነካ አድርጉት፣ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የታመመው ይታፈናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ከሕንፃ አካላት ሁሉ ሰው ሳይጠይቅ ክብደቱን የሚሰጠው ለመከታ ነው። ምሰሶውን ማንም አይገፋውም፤ ጣራውን ማንም አይደገፈውም። ወደ ሰገነት የወጣ ሰው ግን ዓይኑ ወደ ሩቁ ይሄዳል፣ እጁ ወደ አግዳሚው ይሄዳል፤ ሠሪውን ሳያውቀው ያምነዋል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ከመደገፌ በፊት በእጄ ገፋ አድርጌ እሞክራለሁ፤ የሚያዩኝ ሰዎች ይስቁብኛል። እናንተ የምትሠሩት መከታ ላይ የሚመጣው ሰው ግን አይሞክርም። እሱ እንዳይሞክር ሆኖ እንዲሠራ ነው እኛ የተማርነው።